በሁለት የማይካፈል ድርቅ

በዚህ አህጉር እንጨት ማንበብ የሚችል ሰው ሁለት ነን፤ አንደኛው ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቷል። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ የጠገበበት ዓመት ወፍራም፣ የተጠማበት ዓመት ቀጭን። ይህን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ግን ግንዱን በአውራ ጣቴ ዳሰስ አድርጌ፣ በየትኛው ዓመት ደመናው በየት በኩል ዞሮ እንደሄደ እነግራችኋለሁ። ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ቅናት ነው።

የሚስቴ ወንድም የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ ነው። ደህና ሰው ነው፤ አንዲት ክፉ አመል ግን አለችው፤ እኔ የምናገረውን ቁጥር ሁሉ ለሁለት ያካፍላል። የጀመረው ስላጠመድኩት ዓሣ ያወራሁ ዕለት ነው። ዓሣው ቁመቱ እኔን ያክል ነበር። እሱ "እስከ ወገብህ ነው እንበል" አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ለመደው። ንግግሬን ሦስት መቶ ሰው ሰማ ካልኩ፣ ባለቤቴ ለጓደኞቿ መቶ ሃምሳ ብላ ነው የምታስተላልፈው። ያውም እፊቴ።

ማጠራቀሚያው ባይመጣ ኖሮ ነገሩ የቤት ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ከተማው አዲስ የውሃ ማጠራቀሚያ ሊያሠራ ነው፤ ንድፉ የሚፈረመው ሰኞ ነው። መሐንዲሱ መጠኑን ያሰላው በዝናብ መለኪያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የታየው ረጅሙ ድርቅ ስድስት ዓመት ነው። እሱም ለጥንቃቄ አንድ ጨምሮ ለሰባት ነደፈው። እኔ ደግሞ ከኮረብታው ባመጣኋቸው ያረጁ ግንዶች ውስጥ፣ መለኪያው ከመተከሉ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ድርቅ አገኘሁ። በሕይወቴ ምንም ሳልጨምርበት የሚያስደነግጥ ቁጥር ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ፣ አማቴ ቤት፣ ምሳ እንደጨረስን ለመሐንዲሱ ነገርኩት።

"አሥራ አንድ?" አለ ጥርሱን እየጎረጎረ። "አምስት ተኩል መሆኑ ነው። ዝምድናም ስላለን ስድስት እንበለው።"

"ቀልዱን ተወው፤ ይሄ ሥራዬ ነው።"

"ስለ ዓሣውም እንዲሁ አምርረህ ነበር።"

ከቦርሳዬ የኮረብታውን ግንድ ቁራጭ አውጥቼ ከነማጉያ መነፅሩ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ጎንበስ ብሎ ቆጠረ።

"ሰባት ቀጫጭን ቀለበት ነው ያለው።"

"አራቱ ጎድለው ነው። ድርቁ ሲበረታ ዛፉ ጭራሽ አያድግም፤ የዚያ ዓመት ቀለበት አይኖረውም። አንዱ ግንድ ያጣውን ሌላው ይዞት ስለሚገኝ፣ ሁሉንም አስተያይቼ ነው የሞላሁት።"

"ስለዚህ የማይታዩ አራት ቀለበቶች አሉ።"

"አሉ።"

"የጨመርካቸውም አንተ ነህ።"

ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ሳህን ማንሳት ጀመረች። መሐንዲሱ እጄን መታ መታ አደረገና፣ "አይዞህ፣ አማቻችን፤ ሰባት ካለ የኔም ማጠራቀሚያ ለሰባት ነው፤ እግዜር አገናኘን" አለኝ።

ሃያ ሁለት ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሲያካፍለው ልኩ ላይ ያርፋል። ግን ሃያ ሁለት ብል ሰኞ ጠዋት ቢሮው ያለ አንድ ጀማሪ ይይዘኛል፤ እኔ ስወድቅ አሥራ አንዱም አብሮኝ ይወድቃል። የከተማው ሰው ደግሞ በስምንተኛው ዓመት የደረቀ ጭቃ ይታቀፋል። ተዋጥ አልኩት፤ ተዋጠ።

የሚያስፈልገኝ ምንጭ ዳር የበቀለ ዛፍ ነበር። እንዲህ ያለው ሥሩ እርጥበት ስለማያጣ፣ ፀጉር ቢያክልም የየዓመቱን ቀለበት ይይዛል። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል፣ ዓይኔ ከአማቴ ሳሎን ጣሪያ ተሸካሚ እንጨት ጋር ተገጣጠመ። የባለቤታቸው አያት ከምንጭ ራስ ላይ የቆረጡት፣ ሲቆረጥም ሽማግሌ የነበረ ዛፍ ነው። ይህን ታሪክ ሳይሰማ ከዚያ ቤት የወጣ እንግዳ የለም፤ እኔ ብቻ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"እማማ፣ ያንን እንጨት አንድ ቦታ ብበሳው ይፈቅዱልኛል?"

"የቱን?" አሉ። አይተውት ነበር።

"ቀዳዳው እርሳስ ቢያክል ነው። ጥርስ ሐኪም ከዚህ የባሰ ይቆፍራል።"

"አንተ ትልቁን ታሳድጋለህ፣ ትንሹን ታሳንሳለህ። እርሳስ ያልከው የመጥረጊያ እንጨት ነው የሚያክለው። ጣሪያው አናቴ ላይ ቢወርድ ምን ልትል ነው?"

መኪናዬ ውስጥ የማላጣውን፣ እንደ ቱቦ ውስጡ ክፍት የሆነ መሰርሰሪያ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ቱቦው ውስጥ ትንሿን ጣታቸውን ሞከሩ፤ አልገባም። እኔን አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ።

"እሺ" አሉ። "ግን የሚቆጥረው ልጄ ነው። እንጨቱ ከወጣ ጀምሮ እሱ እስኪጨርስ ትንፍሽ አትልም። አንዲት ቃል ከወጣችህ ነገሩ ያኔ አበቃ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተም ከሰባት በላይ ካገኘህ ሰኞ አትፈርምም።"

"ምን ገዶኝ፣ እማዬ። ከሰባት አያልፍም።"

መሰላል ላይ ወጥቼ በሳሁት። እርሳስ የሚያክል የእንጨት ዘንግ ሳይሰበር ወጣ፤ እንደዚህ ሳይሰበር ማውጣት የሚችል እጅ በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚወለደው። ቦይ ባለው ጣውላ ላይ አጣብቄ፣ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጌ፣ ድርቁ ያለበትን ቦታ በመርፌ ነካ አድርጌ አሳየሁት። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

መሐንዲሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ቆጠረ። መካከል ላይ አንዲት ጥቁር መስመር አለች፤ ላላወቀ አንድ ትመስላለች፤ በውስጧ አምስት ታጭቀዋል። መርፌው እንደ አንድ ቆጥሯት አለፈ።

"ሰባት" አለ። "አላልኳችሁም?"

ዝምታ ውድድር ቢኖረው ኖሮ ዋንጫውን ዛሬ ሳሎኔ ታዩት ነበር። የአንገቴ ሥር ገመድ አከለ፤ ላቤ ሸሚዜን አልፎ ወንበሩን አራሰው። አማቴ ከአፌ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ልታጽናናኝ ይሁን ልታፍነኝ አላወቅሁም።

መሐንዲሱ ግን መርፌውን አላስቀመጠም። የለካውን ከሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሳይለካ የማይተኛ ሰው ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቆጠረ።

"ስምንት" አለ፤ ፈገግታው ጠፋ። ሰባት ቢያገኝ ይደሰታል፣ ስምንት ቢያገኝ ይናደዳል፤ ሰባትም ስምንትም ማግኘት ግን እሱን የሚያሳምም ነገር ነው። መነፅሩን በሸሚዙ ጠርጎ ጣውላውን ወደ መስኮቱ ወሰደ። ብርሃኑ ላይ ዘንበል አደረገው። ጥቁሯ መስመር ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። መርፌው አንድ ፀጉር ተራመደ፣ ሌላ ፀጉር ተራመደ።

ሲጨርስ እንደገና ከሌላኛው ጫፍ ጀመረ። ሲጨርስ ተቀመጠ።

"ስንት ሆነ?" አሉ እናቱ።

"አሥራ አንድ። ከሁለቱም በኩል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እሺ ተናገር።"

እንዲህ ላለ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር አለኝ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አድማጭ ያስለቅሳል። የመሐንዲሱን ፊት ሳይ ግን መግቢያው ጠፋብኝ። የፈራ ሰው ፊት ነበር።

"ዛሬ ቢመጣስ?" አለ። "ያው ራሱ ድርቅ።"

"መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ስንት ዓመት እንደሚቆይም አላውቅም። አየሩ ግን ያኔ ከነበረው ሞቋል፤ ይሄ የተለካ ነው። ዝናቡ የዚያን ጊዜውን ያህል ቢጎድል እንኳ፣ ሙቀቱ ከአፈሩም ከማጠራቀሚያህም አብልጦ ይወስዳል። አግድም ካሰፋኸው ለፀሐይ ነው የምታጠራቅመው። ወደ ታች አጥልቀው።"

"በስንት?"

"እሱን አንተ ነህ የምታሰላው። የሙቀቱን ቁጥር ነገ ጠዋት አመጣልሃለሁ፤ የት ድረስ ሊሳሳት እንደሚችልም ጭምር።"

አማቴ ወደ ባለቤቴ ጠጋ አሉ። "ባልሽን አሞታል እንዴ? 'አላውቅም' አለ እኮ። ያውም ሁለቴ።"

መሐንዲሱ ስልኩን አውጥቶ ንድፉን ወደምትሠራው ልጅ ደወለ። "ሰኞ አይፈረምም" አላት። "አይ፣ ስህተት የለብሽም። ከላይ የመጣም አይደለም፤ ከጣሪያ ነው የመጣው።" ዘግቶ ከመኪናው የንድፉን ጥቅል አመጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ጫፎቹ እንዳይጠቀለሉ አራት ብርጭቆ ጫነባቸው። እርሳሱን አንስቶ የማጠራቀሚያውን ወለል ወደ ታች ዝቅ አደረገው። ቀና ብሎ አየኝ። ዝም አልኩ። እንደገና ዝቅ አደረገው።