ከጦሳ ግርጌ ያለው ቤት

ሰርካዲስና ሁስኒያ ደሴ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተው ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። ለቅሶም ሠርግም የሚደርሱት አብረው ነበር። ታዲያ ሁስኒያን የጨርቅ ንግዱ ቀናትና ከጦሳ ተራራ ግርጌ ቤት ልትገዛ ተነሳች።

“ነይ እስቲ አብረን እንየው” አለቻት።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ በረንዳው ላይ ሲቆሙ ከተማው ቁልቁል ይታያል። ሁስኒያ “አልጋው እዚህ፣ ቁም ሳጥኑ እዚያ” እያለች ስትዞር የሰርካዲስ አንጀት አረረ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ስትለፋ የራሷ የምትለው አንዲት ክፍል እንኳ የላትም።

“ባለፈው ክረምት አፈሩ ተንዶ ጓሮው ድረስ ወርዶ ነበር አሉ” አለች ድንገት። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

ሁስኒያ ክው አለች። “ወላሂ? ከነልጆቼ ልቀበር ነበራ!” ብላ አቅፋ ሳመቻት። ቤቱንም ተወችው።

በወሩ ሌላ ሰው ገዛው። የቤት ዋጋ ከዕለት ወደ ዕለት እየናረ ሄዶ ሁስኒያ ደሴ ላይ መግዛት ስላቃታት ኮምቦልቻ ወርዳ ገዛች። ዕቃዋ ሲጫን ሰርካዲስን አላስችላት አለ።

“ያኔ ስለ ናዳው የነገርኩሽ ውሸት ነው። ቀንቼብሽ ነው።”

ሁስኒያ ትኩር ብላ አየቻት። “ይህን ሳልሰማ ብሄድ ይሻለኝ ነበር” አለችና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች።

መኪናው ወደ ሐረጎ ቁልቁለት ሲያቀና ሰርካዲስ አዲሱ ቤት ስንት ክፍል እንዳለው ባለመጠየቋ ቆጫት፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች።