ማረሻ የጋጠው ክሮም

«ለማን ነው የገዛኸው? ይስማው፣ አንተን እኮ ነው!»

ጤናዬ የባሏን ካፖርት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ያገኘችውን የጥፍር ቀለም በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ብልቃጡ የአውራ ጣት አያክልም፤ ቀለሙም ቀለም የለው፣ ውሃ ይመስላል።

«ለጥፍር አይደለም» አለ ይስማው።

«ታዲያ ለወጥ ነው?»

ከሌላው ኪስ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ወጣ። ይስማው በዚህ ዕድሜው ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ጤናዬ ፓኮውን አገላብጣ አየችውና፣ «ደግ ነው! ሴትየዋ ታጨሳለች ማለት ነው» አለች።

ይስማው ወደ ጭድ ቤቱ ወሰዳትና ጭዱን ገለጥ አደረገው። የቄስ ገብረ ኪዳን ብስክሌት ከሥር ብልጭ አለች።

«መልሻታለሁ ስትለኝ ጆሮህ የቀላው ለዚህ ነዋ! እኔ ደግሞ ብርድ መስሎኝ።»

ቄስ ገብረ ኪዳን የሁለቱም የነፍስ አባት ናቸው። ብስክሌቷን የገዛችላቸው ደብረ ማርቆስ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው ዜማ ናት፤ ብረቷ በሙሉ ክሮም ነው፣ ፊት ያሳያል። ዝናብ ሲመጣ ቄሱ ራሳቸው እየበሰበሱ ጋቢያቸውን ለእሷ ያለብሷታል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እንዲህ የሚሳሱላትን ነገር ለይስማው ያዋሱት ላሙ ታማበት ከይጁቤ መድኃኒት በቶሎ እንዲያመጣ ብለው ነበር።

መድኃኒቱን አመጣ፤ ላሟም ዳነች። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ግን ገበያ የደረሰ ገበሬ ባዶ እጁን መመለስ አይሆንለትምና እግረ መንገዱን አዲስ ማረሻ ገዛ። ማረሻውን በብስክሌቷ የላይኛው ብረት ላይ አጋድሞ በጠፍር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ማረሻ ማሰር እሱን ማን ያስተምረዋል? ከሞፈር ጋር ሲያስር ነው ያደገው። ሞፈር ግን ክሮም አልተቀባም። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ማረሻው ሲንገጫገጭ፣ ሲንገጫገጭ፣ ቤቱ ደርሶ ሲፈታው የላይኛው ብረት አይጥ የጋጠው መስሎ ቆየው። በላዩ ላይ የሰኔ ዝናብ ወረደበት፤ ጭረቱ ሁሉ ዛገ።

ቄሱ ደግሞ፣ «እሑድ ዜማ ስለምትመጣ ብስክሌቷን በጠዋት አምጣልኝ» ብለው ትናንት ልከውበታል።

«እኚህን ሰው አስቀይሜ በምን ፊቴ ነው መስቀል የምሳለመው?» አለ ይስማው። «ልጆቻችንን ያጠመቁ፣ አባቴን የቀበሩ…»

ጤናዬ ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ዋጠችው። «የጥፍር ቀለሙስ?»

ጌቱ የሚሉት የይጁቤ ብስክሌት ጠጋኝ መክሮት ኖሯል። በፓኮው ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ውሃ እየነከርክ ብረቱን እሽበት፤ ዝገቱ ይለቃል። ጭረቱን ግን ማንም አይመልሰውም፤ ዳግም እንዳይዝግ በጥፍር ቀለም ሸፍነው ብሎታል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሁለቱም ጭድ ቤት ገብተው ማሸት ያዙ። ጥቁር ውሃ ወረደ፤ ቡናማው ቀስ በቀስ ለቀቀ። ጤናዬ ዝቅ ስትል ከፔዳሉ አጠገብ ሌላ የዛገ ጭረት አገኘች።

«ይሄስ?»

«በእናቴ፣ ይሄን እኔ አላደረግሁትም!»

«እጃችን ከገባ አይቀር» ብላ እሱንም አሸችው።

ቀለም መቀባቱ ላይ ሲደርሱ ይስማው ብሩሿን ያዘ። እርፍ የለመደ ጣቱ ግን ብረቱን ስቶ ጎማውን ቀባ።

«አምጣ ወዲህ! ጎማ ጥፍር አለው እንዴ?» ብላ ነጠቀችው።

ሲጨርሱ ብስክሌቷ አበራች። ቀረብ ብሎ ላያት ግን ቀጫጭን መስመሮች ቀርተዋል።

«ከሩቅ አይታይም» አለ ይስማው።

«ቄሱ ታዲያ ከሩቅ ነው የሚነዷት? ንገራቸው። መስቀላቸውን ይዘው ሳሉ ንገራቸው። መስቀል ይዞ የሚሳደብ ቄስ አይቼ አላውቅም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይስማው ብስክሌቷን እየገፋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ቄሱ ፊት ቀረበ።

«ይፍቱኝ አባ። የሰው አደራ አበላሽቻለሁ።»

«የማንን?»

«የእርስዎን።»

ማረሻውንም፣ ጠፍሩንም፣ የጥፍር ቀለሙንም አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው የላይኛውን ብረት አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከፔዳሉ አጠገብ በጣታቸው ዳበሱ።

«እዚህ ጋ የነበረውስ?»

«እሱ እንኳ የኔ አይደለም አባ። ግን አብረን አጸዳነው።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ረጅም ትንፋሽ አወጡና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እሱ የኔ ነው። ከደብረ ኤልያስ ስመለስ ድልድዩ ጋ ወድቄ ነው። ዜማ ‹ለሰው እንዳያውሱ፣ ይጭሩብዎታል› ብላኝ ነበር፤ ለማንም ሳላውስ እኔው ጫርኋት። አንተ ስትጠይቀኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በአንተ አሳብባለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የይስማው ሳቅ ገነፈለ። ቄሱም ተከተሉት፤ ዲያቆናቱ ዞረው እስኪያዩዋቸው ድረስ ሳቁ። በይስማው ደረት ላይ ተጋድሞ የሰነበተው ማረሻ ያን ጊዜ ተነሣለት።

«ግን አባ» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ዜማ መስመሮቹን አይታ ‹ማን ጫራት?› ብትልዎትስ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱና የብስክሌቷን መሪ ያዙ።

«የንስሐ ልጄን ምሥጢር አላወጣም እላታለሁ።»