የቆዳ ብናኝ

እና አስረስ ምራቁን ቀባበት፣ ሳይጠይቅ፣ አውራ ጣቱን ላሰና የፑል ስቲኩ ጫፍ ላይ ያለውን አዲስ ቆዳ ጎኑን ዙሪያውን አሸው፣ በምራቅ ነው የሚያምረው ሀብቴ፣ ረሳኸው እንዴ፣ አለና ስቲኩን መልሶ አስያዘው፣ አሁን ሀብተወልድ የሰው ምራቅ ታቅፎ ተቀምጧል። ለብ ያለ። አረፋ ያለው። ውሃ እኮ በትንሽ ብልቃጥ ከዙሪክ ይዞ መጥቷል፣ ጥጥም ይዟል፣ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ሰውዬው እያያቸው ነው የላሰው፣ ባቡር ላይ የበላው ዳቦ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ይመለሳል፣ ዋጥ አድርገው፣ እንደለመድከው ዋጥ አድርገው።

ጋሼ አስረስ። አሁንም ጋሼ ይለዋል፣ ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፣ ኀፍረትም የለውም። ጠዋት ሀጂራ ካፌ ሲገባ ሰውዬውን በር ላይ ሲያየው እግሩ ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት፣ አልተመለሰም፣ ጋሼ አስረስ እንዴት ነህ አለ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ የሰውዬው ጉንጭ ላብ ነበረው። ሀጂራ ምን ታውቃለች፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ከተማ፣ ፓኪ ሰፈር ውስጥ ካፌ ከፍታ ከኋላ አንድ የፑል ጠረጴዛ ያቆመች ደግ የሐረር ሴት፣ ደወለችና፣ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ አለ፣ የስቲኩ ጫፍ ወልቆበታል፣ እጅህን ያውቃል፣ ና እስቲ አለችው፣ ስሙን አልጠየቃትም። እጅህን ያውቃል ስትለው ደስ አለው፣ ሞኝ፣ በሳምንት አምስት ቀን ክሎተን አየር ማረፊያ የሰው ሽንት ቤት የሚወለውል እጅ የሚያውቀው ሲያገኝ ደስ አለው፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሚነሳው ባቡር ተሳፍሮ መጣ።

በጥጥ ይጠርገዋል። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቆዳ ግን ይጠጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚጠጣው፣ አይመርጥም። እንግዲህ ደርቆ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ በቀር አይለቅም፣ ይጠብቃል፣ እፍ ይልበታል፣ ከዚያ ስቲኩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በግራ እጁ ያሽከረክራል፣ በቀኙ ወረቀቱን ጫን አድርጎ ይይዛል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ነጩ ቀለበት እንዳይጫር ጠዋት በፕላስተር ጠቅልሎታል። ጎኑ ነው ዋናው። ሰው ሁሉ የሚያየው አናቱን ነው፣ ኳስ የሚመታውን፣ ጎኑ ካልጠበቀ ግን በተመታ ቁጥር እየተንጋለለ እንደ እንጉዳይ ይነፋል፣ ጎኑን ረጠብ አድርጎ፣ በቁራጭ ቆዳ እስኪግል አሽቶ፣ መስታወት ማስመሰል ነው። ይህንን ማን አስተማረው፣ ማንም፣ ድሮ እሱም ይልስ ነበር፣ በቀን አሥራ አምስት ስቲክ፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ የነካውን፣ በዚህ ምላስ፣ ትፍ።

ወረቀቱ እዚያው ነው። ሙጫው እስኪደርቅ ሲጠብቁ አስረስ ከኪሱ አውጥቶ፣ ዘርግቶ፣ በመዳፉ ደልድሎ አስቀመጠለት፣ ከላይ በፈረንሳይኛ ከታች በአማርኛ፣ እኔ ሀብተወልድ ከአቶ አስረስ ጋር በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከምንሠራበት ቤት አብረን ተይዘን ደዴሳ ታስረን እንደነበር አረጋግጣለሁ። አረጋግጣለሁ። ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። ማክሰኞ ቃለ መጠይቅ አለብኝ፣ አቮካዋ፣ ጠበቃዬ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ አንድ ምስክር ካለህ በቂ ነው ብላኛለች፣ አንተ ደግሞ ወንድሜ ነህ፣ አለ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው፣ ያውም ቁስሉን ራሱ ተበድሮ።

ብናኙ ይወርዳል፣ ቡናማ፣ ደቃቅ፣ ጣቶቹ መሀል ይገባል። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር፣ የግንቦቱ ምርጫ አልፎ ጣጣው ያላለፈበት ጊዜ፣ ተክለሃይማኖት አስፋልቱ ድንጋይ ብቻ ሆኗል፣ እሱ ፑል ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ የስቲክ ጫፍ ይፍቃል፣ አስረስ ባንኮኒው ኋላ ነው፣ ታጣቂዎቹ ገቡ፣ እጅ ዘርጉ፣ ድንጋይ የወረወረ እጁ አቧራ አለው፣ ሕጋቸው ይኸው ነው፣ ተጫዋቾቹ ታጥበዋል፣ የእሱ እጅ እስከ ክርኑ ብናኝ ለብሷል፣ ቆዳ ነው ጌታዬ ቢል ማን ይሰማዋል፣ ቆብ ያጠለቀው ሰውዬ ወደ ባንኮኒው ዞረ፣ ሠራተኛህ ነው፣ እጁ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ አለ፣ ደህና አድርጎ ነው የጠየቀው፣ እንደ ሰው። የቆዳ ብናኝ ነው። ሦስት ቃል፣ አስረስ ይህን ማለት ብቻ ነበረበት። ብርጭቆ ይወለውል ነበር፣ ቀና አላለም። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለ።

ከዚያ የጠመንጃው ሰደፍ፣ ግራ ጆሮው፣ እስከ ዛሬ ውስጡ ጥንዚዛ አለ፣ መኪናው፣ የተላጨ ራስ በራስ ላይ፣ ደዴሳ ሁለት ወር፣ ሁለት ወር ሙሉ ያሰበው ያንን ብርጭቆ ነው፣ ንጹሕ እኮ ነበር፣ ቀድሞውኑ ንጹሕ ነበር፣ ምኑን ነበር የሚወለውለው።

አስረስ ወደ ጆሮው ይጠጋል፣ ወደ ግራው፣ ግማሹ ብቻ ይሰማዋል፣ ልጄ እሌኒ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እናቷ ብቻዋን፣ ላመጣት የምችለው ወረቀት ሳገኝ ነው፣ ትንፋሹ የሽንኩርት ነው፣ እሌኒን ያውቃታል፣ የፑል ቤቱ ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብላ ጠመኔ ትደረድር ነበር፣ ቀይ ካልሲ ያላት፣ ልጅቷ ምን አደረገች። ሚስቱ ሂሩት ብትሰማ ፈርምለት ትለዋለች፣ ዙሪክ ሽዋመንዲንገን ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ፣ ስለ ልጅቱ ብለህ፣ አንተን ምን ይጎድልሃል። ውሸቱ ከታወቀ የእኛም አውስቫይስ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ጣጣ አለው አንቺ ሴት። እሱም ቢሆን፣ ትላለች፣ ሂሩት እንዲህ ናት። ምራቁንም ደዴሳውንም ይቅር ማለት ይቻል ይሆናል፣ የሚያስጠላው ግን ሰውዬው ይቅርታ አለመጠየቁ ነው፣ ጭራሽ አብሮት የተገረፈ ይመስል ወንድሜ ይለዋል፣ ያመነበትም ይመስላል፣ የበላችው ያቅራታል በላይ በላዩ ያጎርሳታል።

ቁራጩን ቆዳ ያነሳል፣ ያሻል፣ ቆዳው ይግላል፣ ጎኑ መጥቆር፣ ከዚያ ማብራት ይጀምራል። እሺ። ስለ ልጅቱ። አንድ ፊርማ ነው። ስቲኩን ያስቀምጣል፣ እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ወረቀቱን በግራ አውራ ጣቱ ይይዛል፣ እና ጣቱ ታተመበት፣ ቡናማ፣ ልክ ስሙ ላይ።

ውይ፣ ይላል ሀብተወልድ፣ ቆሸሸ።

ምንም አይደለም፣ ይላል አስረስ፣ አውራ ጣቱን እየላሰ፣ የቆዳ ብናኝ ነው።

ወረቀቱን በምራቁ ያሻል፣ ቆሻሻው ይሰፋል፣ የቆዳ ብናኝ ነው እኮ ይለቃል፣ ይላል ደግሞ፣ አላወቀም፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ሰውዬው አያስታውስም፣ ወይ አምላኬ ጭራሽ አያስታውስም። ሀብተወልድ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው። ያቺ ሦስት ቃል ቀላል ነበረች። ይህችን ያህል።

ሀጂራ ከባንኮኒዋ ብርጭቆ እያጠበች ትጣራለች፣ ምንድን ነው የምትፈርመው፣ አብራችሁ ነበር እንዴ የታሰራችሁት፣ ትላለች፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። አስረስ ወደ እሱ ዞሮ ይጠብቃል። እኔ ምን አውቃለሁ የምትለዋ መልስ ተዘጋጅታ ምላሱ ላይ ናት፣ ለብ ያለች፣ አረፋ ያላት፣ የሰው ምራቅ ናት፣ ይህችንስ አልልሳትም።

አልታሰረም፣ ይላል፣ አስረስ ብርጭቆ ይወለውል ነበር።

ጋሼ አላለም። ሀጂራ የውሃውን ቧንቧ ትዘጋለች፣ ሀብተወልድ እስክሪብቶውን ሳይፈርም ያስቀምጣል፣ እሌኒ ቀይ ካልሲዋን አድርጋ እዚያ አገር ቀረች፣ ይህም የእሱ ነው፣ ይህንንም ይዞ ነው ባቡር የሚሳፈረው፣ ብልቃጡን፣ ጥጡን፣ ቢላውን ይሰበስባል፣ ፕላስተሩን ከነጩ ቀለበት ላይ ይልጣል፣ ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ያጋድመዋል። አምሯል። ጎኑ መስታወት ሆኗል፣ ለዚህ ሰውዬ፣ በዚህ ቀን፣ እንዴት አድርጎ ነው ያማረው።