ሦስት የቀረው ፊልም

በካሜራው ትንሽ መስኮት ውስጥ ልጅቷን እናቷ ሁለት ሆና ታየቻት፤ አንደኛዋ ጥርት ያለች፣ ሌላኛዋ እንደ ቢጫ ጥላ ከጎኗ ፈንጠር ያለች።

«አትነቃነቂ እማዬ!»

«እኔ? የምትነቃነቂውስ አንቺ ነሽ! እኔማ ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።»

ሌንሱን ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ሁለቱ እናቶች ጭራሽ ተራራቁ። ወደ ግራ አዞረችው፤ ተላልፈው ሄዱ። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ትናንት ሲያስረዳት የገባት መስሏት ነበር። «ሁለቱ ምስል አንድ እስኪሆን አዙሪና ተጫኚ» ብሏታል። ሌላም ያላት ነገር ነበር፤ እሱ ጠፍቶባታል።

ካሜራው የአባቷ ነው። ከሞተ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ውስጡ እሱ የጀመረው ፊልም አለ፤ ሠላሳ ሦስቱን አንስቶ ሦስት አስቀርቷል። ምን እንዳነሳ የሚያውቅ የለም። ፎቶ ቤቱ ደግሞ ፊልም ማጠብ ጨርሶ የሚያቆመው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ድንገት ሁለቱ እናቶች ገጠሙ። ቀጭ! ፊልሙን በአውራ ጣቷ ወደፊት ስባ ሁለተኛዋን አነሳች።

«አሁን እንኳን ፈገግ በይ፤ የመጨረሻዋ ናት።»

እናቷ ፈገግ አላለችም። ዓይኗ ካሜራው ላይ ተተክሏል። ልጅቷ ግራ ገብቷት ካሜራውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ሌንሱ ክዳኑን እንደደፋ ነው።

«ወይኔ ጉዴ! ግን እኮ ይታየኛል!»

«አንቺ የምታዪው በመስኮቱ፣ እሱ የሚያነሳው በሌንሱ። አባትሽም በሰርጋችን ማግስት እንዲሁ ጉድ ሠርቶኛል። አንድ ፊልም ሙሉ ጨለማ!»

«ክዳኑን አይተሽው ነበር?»

«ገና ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እናቷ የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ ደጋግማ ዳሰሰች።

«ፊልሙ ካለቀ ይወጣል አይደል?» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ውስጥ እያለ፣ አባትሽ ገና ያልጨረሰው ሥራ ያለው ይመስለኛል።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። ትቆጣ ወይስ ታልቅስ አላወቀችም። ክዳኑን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። የመጨረሻዋን ሳበች፤ ካሜራውን ግን ወደ ዓይኗ አላመጣችውም። እናቷን ከወንበሩ አስነሳቻትና ካሜራውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። የእናቷ ጣቶች ፍለጋ ሳያሻቸው ቦታቸውን አገኙ።

«ፎቶ ቤቱ ይዘጋብሻል እኮ።»

«ስትፈልጊ ብቻ ተጫኚው» አለች ልጅቷ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አገጯን ቀና አደረገች።