ከገመዱ ጋር

ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት የተቆራኙ የብርሃን ቅንጣቶችን በተራራቁ ክፍሎች እንለካለን። ከልኬቶቹ የሚሰላው የትስስር ቁጥር ከሁለት ከበለጠ፣ ምንም ሳይላላኩ መተሳሰራቸው ይረጋገጣል፤ እኔም ዘንድሮ ዶክትሬቴን እይዛለሁ። ስክሪኑ ላይ 2.4 ወጣ።

«በይ ውጤቱን ለመጽሔቱ ላኪው!» አሉ አለቃዬ።

«አልልክም። የሁለቱንም ክፍል የመለኪያ አቅጣጫ የሚመርጠው ከሁለቱም ጋር በገመድ የተያያዘ አንድ ኮምፒውተር ነው። በገመዱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ወሬ ሾልኮ ቢሆንስ?»

«ማን ያይብሻል አንቺ?»

«እርስዎ አዩት እኮ።»

ገመዱን ነቅዬ ለየክፍሉ የራሱን መራጭ መሣሪያ ገጠምኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ይንጎራደዳሉ። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ 1.9 ላይ ቆመ።

«ይኸው! ከገመዱ ጋር ምረቃሽንም ነቀልሽው!»

የሙከራ መዝገቡ ላይ 1.9 ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እስክሪብቶውንም ዘረጋሁላቸው።

«እርስዎም ይፈርሙ።»