ግማሽ ፍሬ

በልብስ ሰፊዋ ቤት በተመሳሳይ ሰዓት የሚተኙ ሁለት ሰዎች አልነበሩም። የሰባት ወር ልጇ ጡት ፍለጋ በየሁለት ሰዓቱ ይነቃል። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጇ እኩለ ሌሊት ሳያልፍ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጠዋት ደግሞ ጣራው ቢደረመስ አትሰማም። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው የልብስ ሰፊዋ አባት ገና በጊዜ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ተነስተው ቤቱን ይዞሩታል። ሰፈሩ «ጋሽ አውራ ዶሮ» ነበር የሚላቸው። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ይመጣና እንቅልፉን ጠግቦ ይመለሳል።

እሷስ መቼ ትተኛለች ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

አባቷ ሰው መረበሽ አይፈልጉም ነበር። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በካልሲ ነው የሚሄዱት። ግን ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ስለነበሩ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፤ መሀል ላይ ባልዲ ይመታሉ፣ ሳል ያፍናቸዋል፣ ሕፃኑ ይነቃል። ከዚያ በኋላ ለእሷ ሌሊቱ አለቀ ማለት ነው።

አንድ ቀን ዩኒፎርም በምትሰፋበት ቤት የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋት። መርፌው የጠቋሚ ጣቷን ጥፍር በስቶ ገባ። የዚያን ቀን የሰፋችው ሲታይ ደግሞ የሸሚዞቹ የቀኝና የግራ እጅጌ ተቀያይሯል። አለቃዋ አልጮኸባትም፤ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ እንዳትመጣ ብቻ ነገራት።

ጣቷን ያሰረችላት የጤና ጣቢያ ነርስ ታሪኩን ሰምታ፣ የሽማግሌው ነገር በሽታ እንዳልሆነ አስረዳቻት። ሰው ሲያረጅ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ሰዓቱም ቀደም ይላል፤ የጎረምሳ ደግሞ ይዘገያል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ያውጧቸው፣ ማታ ወንበር ላይ እንዳያንቀላፉ የሚያጫውታቸው ሰው ይኑር አለች። ልብስ ሰፊዋ እሺ ብላ ወጣች። ፀሐይ ላይ የሚያወጣቸው ማን ነው? የሚያጫውታቸውስ? ሕፃኑን ቀን ቀን የምትይዝላት ጎረቤት እንኳ ስንት ተለምና ነው።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መድኃኒት ቤት ገባች። ባለ መድኃኒት ቤቷ ስለምታውቃት ያለ ሐኪም ወረቀት አንድ እሽግ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠቻት፤ ግማሽ ፍሬ፣ ለአምስት ቀን፣ ከዚያ በላይ እንዳይሆን ብላ አስጠነቀቀቻት።

ለአባቷ የጉልበት መድኃኒት ነው አለቻቸው። እሳቸውም መርቀዋት ዋጡ። ያን ሌሊት ቤቱ ጸጥ አለ። ሕፃኑ ሁለቴ ብቻ ነቃ። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ አለቀሰች፤ ደስታ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ግማሹ አልሠራ አለ። ሙሉውን ሰጠቻቸው። ወሩ ሲያልቅ አዲስ እሽግ ገዛች፤ ከሌላ መድኃኒት ቤት። አባቷ አሁን እስከ ረፋድ ይተኛሉ፤ ከተነሱም በኋላ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይወድቃል፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል። አንድ ቀን በሟች ሚስታቸው ስም ጠሯት። ለጠየቃት ሁሉ «እርጅና ነው» ትላለች።

አምሽታ የምትተኛው ትልቋ ልጇ ግን ታይ ነበር።

«እማዬ፣ ለአባባ ሙሉውን ነው የምትሰጪያቸው?»

«ግማሹ አልሠራም።»

«ቀን ቀን እኮ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት።»

«ጠዋት ተነስተሽ ሕፃኑን ያዢልኝና ግማሽ አደርገዋለሁ።»

ልጅቷ በማግስቱ ጠዋትም አልተነሳችም። ሞክራ ነበር፤ ሰውነቷ እምቢ አላት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሽማግሌው ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ፣ በገዛ እጃቸው የገነቧቸው ሦስት ደረጃዎች ጠፉባቸው። ጎረቤቲቱ ድምፅ ሰምታ ስትደርስ መሬት ላይ ነበሩ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ።

«ምንም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሽማግሌው አልጋው ላይ ሆነው ሰሙ። «የጉልበት መድኃኒት ትሰጠኛለች» አሉ። «አንድም ቀን አስተጓጉላብኝ አታውቅም። ጥሩ ልጅ ናት።»

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። ቫይታሚን ነው አለችው። ትልቋ ልጅ አጠገቧ ቆማ ወለሉን ታይ ነበር።

ኪኒኑ በአንዴ ተቋረጠ። ሽማግሌው ሦስት ቀን ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም፤ ተንቀጠቀጡ፣ ጮኹ፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው ብለው ሰውን ለማስወጣት ታገሉ። እጃቸውን ከአልጋው ጋር አሰሩት። ሐኪሞቹ ሽማግሌ ሲሰበር እንዲህ ያደርገዋል አሏት። እሷ ግን ምክንያቱ የተቋረጠው ኪኒን መሆኑን ታውቃለች። በየቀኑ ልትናገር እየመጣች በየቀኑ ሳትናገር ተመለሰች። በሦስተኛው ሳምንት ሳንባቸው ቆሰለ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ይዛ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። ሰዎች ሐዘን ነው፣ ተዉአት ተባብለው አልጋ ላይ አስተኟት። ሕፃኑ አለቀሰ፣ አልሰማችም። ሌሊቱ አለፈ፣ አልሰማችም። የነቃችው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ራሷ ቀልሎ፣ ዓይኗ ጠርቶ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ሰውነቷ አርፎ ነበር። ይህ ሲሰማት ልትጮህ ምንም አልቀራትም።

ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «እንኳን ተኛሽ» አላት። «እንዲህ ስትተኚ አይቼሽ አላውቅም።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። በሩ ላይ ልጇ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች፤ እናቷን ትኩር ብላ ታያለች፤ ትጠብቃለች።

«እንግዶቹ በልተዋል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጅቷ ሕፃኑን አልጋው ላይ አስቀምጣ ወጣች።