ለገና የተዘጋ በር

ገናን አልወድም። ላሊበላ ተወልዶ እንዲህ የሚል ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ይሁን። የምጠላው ልደቱን አይደለም፣ ጣጣውን ነው። ታኅሣሥ ከተጋመሰ ከዋግ በለው፣ ከመቄት በለው፣ ከጋይንት በእግሩ የመጣ ሁሉ ቤትሽ ይገባል። ለማታውቂው ሰው ጎንበስ ብለሽ እግር ታጥቢያለሽ፣ ንፍሮ ትቀቅያለሽ፣ መደብሽን ለቀሽ ምድጃ ሥር ትተኛለሽ። እንቢ ማለት ብሎ ነገር የለም። በገና ሰሞን ተሳላሚ የመለሰ ቤት ላስታ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋችው የሟቹ ባሌ ታላቅ እኅት ብርቅዬ ናት። ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ናት። በየዓመቱ ከመቄት ሰባት ስምንት ተሳላሚ አስከትላ ትመጣለች። ገና እግሯ ሳይደርቅ ንፍሮው ጨው አንሶታል፣ ቤቱ ጢስ በዝቶበታል ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ቻልኳት።

ዘንድሮ ግን በመሰላል የሚወጣው ቆጥ ላይ ወንድሜ አድማሴ ነበር። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠራ። አምና ከሰፈራችን ከሄዱት አምስት ልጆች የአንዱም ወሬ አልተሰማም። ስለዚህ ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል ብዬ አስወራሁና እላይ ደበቅኩት። የቀበሌው ሊቀመንበር ታፈረ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀኝ። ሁለቴም ጊዮርጊስን ጠርቼ እየማልኩ ዋሸሁት፤ አምኖኝ ተመለሰ።

በዓሉ ሲቃረብ ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። ቆጡ በየዓመቱ የተሳላሚ ማደሪያ ነዋ። አድማሴ ለብርቅዬ እንድነግራት ለመነኝ፣ ተቆጣሁት። የሷ አፍ ክዳን የለውም፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ለማንም ትንፍሽ ሳልል እንግዳ ላለመቀበል ቆረጥኩ።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀትር ላይ ብርቅዬ ስምንት ሰው አስከትላ ደረሰች። ሁሉም ጋቢ ተከናንበዋል፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ ቆሜ ዘንድሮ እንግዳ እንደማልቀበል ነገርኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልፋኝ ልትገባ ስትል ክንዴን ዘረጋሁ። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱን ሁሉ አወጣሁት፤ ንፍሮውን፣ ጢሱን፣ ወንድሟ ታሞ ሲማቅቅ አንድ ቀን መጥታ አለመጠየቋን። ተሳላሚዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

ብርቅዬ መቼ ዝም ልትል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከወንድሜ ቤት ተባረርኩ እያለች አለቀሰች። መንገደኛው ቆመ፣ ጎረቤቱ ወጣ። ታፈረም ጩኸቱን ሰምቶ ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። አመጣጡስ ሊያስታርቀን ነበር። እሷን ሰማ፣ እኔን ሰማ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቤቱን አየ።

«አልጣሽ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባልሽ በሞተ ዓመት እንኳ ይህ በር ለተሳላሚ አልተዘጋም።»

ታጣቂዎቹ ገፍተውኝ ገቡ፤ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። አድማሴ ሳይታገል ወረደ፣ ፀጉሩን ገለባ ሞልቶታል። እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ታፈረን ረገምኩት፣ ዘሩን ረገምኩ። ብርቅዬንም ይኸው ደስ ይበልሽ አልኳት።

ልቅሶዋ ቆሞ ነበር። አድማሴ ወደ ቀበሌው መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ስድቧን ጠበቅኩ።

«ምነው ብትነግሪኝ፣» አለች። «ጋቢ አከናንቤ መሀላችን አስገባው ነበር። በዓሉ ሲያበቃ መቄት ይዤው እሄድ ነበር። በገና ከስምንት ተሳላሚ ዘጠነኛውን ማን ይቆጥራል?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።